የቶሪቢዮ ዓይንና የጣዝማው ማር

ሌኦካዲያ ባሏን "አታጎንብስ" ማለት የጀመረችው ከሜሪዳ ከተማ ሐኪም ቤት በተመለሱበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል ከአፏ የወጣ አይመስላትም።

ቶሪቢዮ ያለው አንድ ዓይን ነው። ግራውን በልጅነቱ የእንጨት ስባሪ አጥፍቶታል። ቀኙን ሞራ ጋርዶት ነበርና በስንት ልመና ተገፈፈለት። ሐኪሟ ስታሰናብታቸው ባልየውን ትታ ሚስትየዋን አየች።

"እንዳያጎነብስ። እንዳያሸው። በቀኝ ጎኑ እንዳይተኛ። ጭስም ውሃም እንዳይነካው። ከዚህ ጠብታ በቀር ዓይኑ ውስጥ ምንም እንዳይገባ። ይሄ ከጠፋ ሌላ የለውም።"

"ሰምቻለሁ" አለ ቶሪቢዮ።

መስማቱንስ ሰምቷል።

ሌኦካዲያ ምድጃዋን ከቤት አውጥታ ፀሐይ እየበላት ቂጣ ጋገረች። ከመንደሩ መምህር ቤት የእንጨት አልጋ ተዋሰችለት። ሰውየው ግን ዕድሜውን ሙሉ የተኛው ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ መረብ ላይ ነው። "ሬሳ አስመሰልሽኝ" እያለ ተነጫነጨ። እሷ ወደ ጓሮ ዞር ስትል መረቡ ውስጥ ገብቶ ይጠቀለላል።

"ተነስ! በቀኝህ ነህ!"

"ቀኜ የቱ እንደሆነ ካላየሁ በምን ልወቅ?"

ይህም ሲገርማት፣ ዛፍ ሥር ወደተደረደሩት፣ ከግንድ ተቦርቡረው ወደተሠሩት ቀፎዎቹ ሄዶ ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ ሊያይ ወገቡን ያጥፋል። ቶሪቢዮ ጣዝማ ያረባል። ዓይኑን የታመመ መንደርተኛ ሁሉ የሚመጣው የእሱን ማር ፍለጋ ነው፤ በአባቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር። አሁን በአጥሩ የሚያልፍ ሁሉ ይጣራል።

"ዶን ቶሪቢዮ! ለእኛ ማር፣ ለራስህ የፋርማሲ ጠብታ?"

ሌላውን ቀልድ ስቆ ያልፈዋል። በዚህኛው አልሳቀም። ሌኦካዲያ ይህን አየች፤ የማሩን ማሰሮዎች በሙሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተች።

ታላቅ እህቱ ኒኮላሳ ግን መጣች።

"አባታችን ይህን ቢያይ! ቤቱ ማር ሞልቶ ልጁ በመድኃኒት ይቃጠላል?"

"እትዬ ኒኮላሳ፣ ዓይኑ በስለት የተከፈተ ነው። ቁስል ነው።"

"ቁስልንስ ምን ያድነዋል መሰለሽ? ማር!"

"ከፈለግሽ የራስሽን አስከፍቺና ማር ጨምሪበት።"

ኒኮላሳ አኮረፈች፤ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ሌኦካዲያ በቆሎ ልታስፈጭ መሄድ ነበረባትና ትታቸው ወጣች።

ስትመለስ ኒኮላሳ የለችም። ቶሪቢዮ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሐኪሟ የሰጠችውን የዓይን መሸፈኛም አድርጓል። ማንም ሳያዝዘው መሸፈኛውን አድርጎ አያውቅም። ዱቄቱን መሬት ላይ ጥላ መሸፈኛውን አነሳችው። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ሽፋሽፍቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ኮምጠጥ ያለ የማር ሽታ ይሸታል።

"ከየት አመጣችሁት? ቆልፌዋለሁ እኮ!"

"ቀፎው አልተቆለፈም" አለ ቀስ ብሎ። "በላባ ነው ያደረገችልኝ። አንዲት ጠብታ ብቻ።"

አልጮኸችም። እጇን ፊቱ ላይ ዘረጋች።

"ይታይሃል?"

"እጅሽ ነው።"

"ስንት ጣት?"

አንገቱን ወደፊት አሰገገ።

"እጅሽ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሌኦካዲያ።"

የከሰዓቱን አውቶቡስ ያዙ። ሐኪሟ ዓይኑን አጠበች፣ ብርቱ ጠብታ ጨመረች። ባልየውን አልተቆጣችም፤ ሚስትየዋን "ዛሬውኑ ባትመጡ ኖሮ" ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቶሪቢዮ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ማሬ ንጹሕ ነው" አለ።

"ማን ቆሻሻ ነው አለህ?"

"አባቴ ስንቱን ዓይን አድኖበታል።"

"አባትህ የተቆረጠ ዓይን ላይ አንድም ቀን አላደረገም። አሁን ዝም በል፤ መናገር ዓይን ይጎዳል።"

"እሱን ሐኪሟ አላለችም።"

"እኔ ብያለሁ።"

ቅላቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። የሌኦካዲያን ጣቶች መቁጠር ቻለ፤ ሳትጠይቀውም ይቆጥርላት ጀመር። አንድ ጠዋት ከጎረቤት መንደር አንዲት ሴት ባዶ ማሰሮ ይዛ መጣች። እናቷ ሞራ ተገፍፎላቸው ገና መመለሳቸው ነው። ኒኮላሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሌኦካዲያ በር ላይ ቆማ የባሏን አፍ ጠበቀች።

"ለሳል ከሆነ እሰጥሻለሁ" አለ ቶሪቢዮ።

"ኧረ ለዓይን ነው! ይኸው ሰው ሁሉ አንተ ጋ ሂጂ አለኝ።"

እህቱን አየ፤ ከዚያ ሴትየዋን።

"ለተቆረጠ ዓይን አይሆንም። እኔ አድርጌው ጨልሞብኝ ነበር። ሐኪም ከሰጣቸው ሌላ እንዳታስነኪያቸው።"

ኒኮላሳ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። ሴትየዋም ደንግጣ የማሰሮዋን ክዳን ጣለች። ሌኦካዲያ ስንት ቀን ሙሉ ያልተናገረችውን መልካም ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች።

ቶሪቢዮ የወደቀውን የማሰሮ ክዳን ሊያነሳ ወገቡን አጠፈ።

"አታጎንብስ!"