የጠላቂው ጩኸት

የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሞተር ጀልባ ከነነጂው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ነጂው ግዛቸው የዘነበች ባል ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ታደሰ ግን «ጀልባውን ሸጦ ከፀረ አብዮተኞች ጋር ተቀላቅሏል» ብሎ ታናሽ ወንድሟን ደምሴን አሰረባት። ባሏ ወይም ጀልባው ካልተገኘ ደምሴ አይፈታም።

ሐይቁ ላይ ቤንዚን ሲንሳፈፍ መታየቱን ስትሰማ፣ ዘነበች መናኸሪያ ሄዳ ሙህዲንን ለምና አመጣችው። ሙህዲን ጦርነቱ ሳያፈናቅለው በፊት ምፅዋ ላይ የሰመጠ መርከብ ሲያወጣ የኖረ ጠላቂ ነው፤ አሁን ጎማ ይለጥፋል።

«አራት በርሜል ይበቃኛል፤» አላት። «ውሃ ሞልቼ አሰምጣቸውና ከጀልባው ጎን አስራቸዋለሁ። ከዚያ በጎማ መንፊያ አየር ስንሞላቸው ራሳቸው ተሸክመውት ይወጣሉ።»

ረፋዱ ላይ በርሜሎቹን ይዘው ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደረሱ። ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች እንደ ወትሯቸው አይንጫጩም። ታደሰ ከሁለት ጠብመንጃ ያዥ ጥበቃዎች ጋር ሾላው ጥላ ሥር ቆሟል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐይቁን ቀድተሽ ልትጨርሺው ነው?» አላት ፈገግ ብሎ።

«ጀልባውን ላግኝ እንጂ ሐይቁን እተውልዎታለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ሙህዲን ቤንዚን ሲንሳፈፍ የታየበት ቦታ ላይ ጠለቀ። ቆየ። ሲወጣ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ መጮህ ጀመረ። ምፅዋ ከጓደኞቹ ጋር ሲሠራ፣ ኋላ ዕቃ ጎደለ ተብሎ እንዳይታማ፣ ያየውን ሁሉ ዳር ላሉት ጮክ ብሎ መናገር ልማዱ ነበር።

«ጀልባው አለ! ሞተሩ አለ! አንድ ሰው፣ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ! ወለሉ በጥይት ተበሳስቷል፣ ከላይ ወደ ታች!»

ይኼኔ ታደሰን አየውና አፉን ዘጋ። ግን ዘግይቶ ነበር።

ዘነበች ወደ ታደሰ ራመድ አለች። ለቅሶው ይደርሳል። ግዛቸውን ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርገውም፤ ደምሴ ግን በሕይወት አለ።

«ባሌ አልሸሸም!» አለች ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ጀልባውም ተገኝቷል። ወንድሜን ፍቱልኝ!»

ታደሰ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ይፈታል እህቴ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ።» ወደ ሙህዲን ዞረ። «አንተም አብረሃት ና። ምስክር ያስፈልገናል።»

«ጀልባውስ?» አለ ሙህዲን።

«ባለበት ይቆይ።»

ታደሰና ጥበቃዎቹ ሲሄዱ ዘነበች ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አብሮኝ የሚሄድ ማነው?» አንዷም ቀና አላለችም። ቢላዋቸውን እየጠረጉ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ሙህዲን ሸሚዙን እርጥብ ገላው ላይ አጠለቀ። «አትሂጂ፤ ከገባን አንወጣም፤» አላት።

«ደምሴስ?»

ነጠላዋን አጣፋችና ቀድማው ወደ ቀበሌው መንገድ ወጣች።