የቲቸር ቀኝ እግር

የቲቸርን ቀኝ እግር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከወዲሁ የምናገረው ሌላ ሰው ቀባብቶ እንዳያወራው ነው። መቀባባቱን እኔም አውቅበታለሁ። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀባብቻለሁ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት የሴትዮዋ እግር ለቢላ ሊሰጥ ነበር።

የእጅና የእግር መንከባከቢያ ቤቱ የምራቴ ነው። ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊት የእጅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእግር። ምራቴ ሥራውን ተምራ ሰርተፍኬቷን በፍሬም ሰቅላለች። ለገባ ሁሉ «እኛ ጥፍር ብቻ አይደለም የምናየው፣ መላውን ሰው ነው» ትላለች። አልዋሸችም። እኔም ፊደል ሳልቆጥር ተረከዝ አነባለሁ፤ ማን ቆሞ እንደሚውል፣ ማን ለኩራት ብሎ ጠባብ ጫማ እንደሚያደርግ፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ። በቤቱ ኬሚካል አይገባም። የባሕር ጨው፣ የጥብስ ቅጠል፣ የሎሚ ልጣጭ፣ እሬት፣ ማር፣ በወይራ ዘይት የተለወሰ ስኳር፣ የተነፋ ሸክላ አፈር፤ ይህን ሁሉ የማሰናዳው እኔ ነኝ። ደንበኛ የሚመጣው ለፍሬሙ አይደለም፣ ለእጄ ነው። ምራቴም ታውቃለች፤ አፏን ሞልታ ግን አትናገረውም።

የተኳረፍነው በቴርሞሜትር ነው። ገዝታ ያመጣች ዕለት «እማማ፣ ይህን ውሃው ውስጥ ሳይከቱ የሰው እግር እንዳይከቱ» አለችኝ። ቁጥሩ ላይ ዓይኔን እንዳላፈጥ ብላ ሠላሳ ሰባቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አስምራበታለች።

«አርባ ዓመት የሆቴል አንሶላ ያጠበ እጅ እያለኝ በዚህ ቀጭን ብርጭቆ ልለካ?»

«እጅ ይሳሳታል እኮ።»

«ያንቺ ይሳሳታል።»

ከዚያ ወዲህ መለኪያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሌላው ደንቧ ጥያቄ ነው። ስኳር አለብዎት? ደም ግፊትስ? ቁስልስ? ሊዝናና የመጣን ሰው እንደ ፖሊስ ማፋጠጥ ምን ይባላል ብዬ እሱንም ትቼዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቲቸር መጣች። ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ ጠመኔ ያደረቀውን ጣቷን በማርና በእሬት አሽቼላታለሁ፤ ጫማዋን ግን አውልቃ አታውቅም። ምራቴ ከፊት ክፍል የሁለት ሴቶችን እጅ ሸክላ ቀብታ ተይዛ ነበር። ቲቸርን እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባኋት።

«ዛሬስ እግሬን ነው እትዬ» አለችኝ። «ተረከዜ አንሶላ እየያዘ አስቸገረኝ።»

ካልሲዋን ሳወልቅላት «ይህማ ተረከዝ አይደለም፣ መጋዝ ነው» አልኳት።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሜበት ምን ይሁን ይላሉ?»

«ቁጭ ብለሽ አታስተምሪም ነበር?»

«የኋላ ወንበሮቹን ማን ይጠብቅልኛል?»

የቀኝ ጫማዋን ላቆም ሳነሳው አንድ የኮት አዝራር ከውስጡ ዱብ አለ። ጠርዙ እግሯ ሥር ጉድጓድ አበጅቷል። ከቤቷ እዚህ ድረስ ረግጣው መጥታለች።

«ውይ! ትናንት ቤቱን ሁሉ ያገላበጥኩለት አዝራር!» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አዝራር ረግጦ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ደህና እግር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሳቅኩ።

የጥብስ ቅጠልና ጨው በትልቁ ድስት ይፈላል። ከሱ በጭልፋ ወደ ሳፋው እቀዳለሁ፣ ከባልዲው ቀዝቃዛ እጨምራለሁ፣ እጄን ከትቼ አማስላለሁ። ያን ቀን ለብ ያለ መሰለኝ። ሁለት ጭልፋ ጨመርኩ። አሁንም ለብ ያለ መሰለኝና አንድ ደገምኩ። ሌላ ጊዜ ደንበኛዋ እግሯን ነክራ «ውይ!» ብላ ትስባለች፤ እኔ «አይ ቅምጥል!» እልና አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ እደፋበታለሁ። ቲቸር «ውይ» አላለችም። ቀኝ እግሯን ነክራ ቁጭ አለች።

«ተስማማሽ?»

«በጣም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ግራ እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ በስኳርና በዘይት ማሸት ጀመርኩ። ወሬዋ ይጥማል። አንድ የቀድሞ ተማሪዋ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ሰው፣ መንገድ ላይ ሲያያት ተሻግሮ ይሸሻል አለችኝ።

«ምን አድርገሽው?»

«ምንም። ያኔ ያላመጣውን የቤት ሥራ የምጠይቀው ይመስለዋል።»

እየሳቅኩ ጎንበስ ስል ዓይኔ ሳፋው ላይ አረፈ። እግሯ ካልሲዋ ከሚያስርበት በታች ያለው በሙሉ ቀይ ሥር መስሏል።

ክው አልኩ።

«እግርሽን አውጪ!»

«ምነው እትዬ፣ ገና ምኑ ተነካና?»

«አውጪ አልኩሽ!»

መልሷን ሳልጠብቅ ሁለት እጄን ከትቼ እግሯን አነሳሁ። ውሃው ተፈናጥሮ ክንዴን ከክርኔ በላይ ነካኝና ፈጀኝ። እንደ እሳት ፈጀኝ። እጆቼ ግን ያው ውሃ ውስጥ ነበሩ፤ ምንም አላሉኝም።

ያኔ ገባኝ። እኔ ውሃ ስለካ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። የሚለካልኝ የደንበኞቼ ጩኸት ነበር።

ምራቴ ድምፄን ሰምታ ሸክላ በተለወሰ እጇ መጋረጃውን ገለጠች። እሷ እስክትደርስ እኔ ሳፋውን ወደ ማፍሰሻው ደፍቼዋለሁ። ለምን ደፋሽው የሚለኝ ቢኖር መልሱን ያውቀዋል።

«ምን ሆኑ?» እግሩን አየችና ድምጿ ቀነሰ። «እማማ፣ ውሃውን ለክተውት ነበር?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንዴታ! ቀዩ መስመር ላይ ነው» አልኳት።

እጄ ሞቷል ካልኩ እኔ ሞቻለሁ ማለት መሰለኝ። ከዚያ ቤት እጄን ካነሱት ምኔ ይቀራል?

ምራቴ አመነችኝ። ስትጨቃጨቀኝ እንጂ ስትጠራጠረኝ አላውቅም። «እንግዲያ ቅጠሉ ነው፣ አልተስማማቸውም» አለችና እግሩን ቧንቧ ሥር አድርጋ ማጠብ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ልትዘጋው እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ይፍሰስ!»

«ለቅጠል ይህ ይበቃል እማማ።»

«ይፍሰስ አልኩሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን ሸሸሁባትና የማሩን ብርሌ አነሳሁ። ከእጄ ነጠቀችኝ። «ምንም አይቀባም! ሐኪም ሳያየው ጠብታ አይነካውም!» ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረች። «ስኳር አለብዎት?»

 ቲቸር እንደ ልጅ አንገቷን ደፋች። «አለብኝ። ባለፈው አንድ ቤት ብናገር ከበር መለሱኝ። እግሬ ከደነዘዘ ቆይቷል። ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም።»

«በጣም ተስማምቶኛል አልሽ እኮ!» አልኳት።

«ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው።»

ሕክምና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ምራቴ ከጎረቤት ሱቅ ባለ ጎማ ወንበር ተውሳ እየገፋች አደረሰቻት፤ እኔ ጫማዋን ታቅፌ ከኋላ ተከተልኩ። ሲስተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ችኩል፣ ቁጡ ሴት ናት። የዚያ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን ፈራኋት። ተረከዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ ገልጣ አየች፣ ቅላቱን ተጭና ለቀቀች።

«ውሃው ምን ያህል ሙቀት ነበረው?»

«ሠላሳ ሰባት። ተለክቷል» አለች ምራቴ።

ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። ራሴን ነቀነቅኩ።

«በሠላሳ ሰባት ሰው አይቃጠልም። እንግዲያ ይህ ከውስጥ ነው። በስንጥቁ ገብቶ እግሩን መርዞታል። ከማታ ጀምሮ አብጦ ይሆናል፣ እሳቸው አይሰማቸውም። ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪም ነው የምልካቸው። ከፍቶ ያየዋል። ከዘለቀ ጣቶቹን ያነሳል።»

«ማንሳት ማለት?» አለች ቲቸር።

«መቁረጥ። ካልዘገየን በጣት ያበቃል።»

ቲቸር ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከቤት ስወጣ አሥሩንም ቆጥሬ ነበር የወጣሁት» አለች።  ጠመኔ ያደረቀው እጇ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነጭ ሆኗል።

ሲስተሯ ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። እግር ላስብ ስል ራሴን አስባለሁ፤ ሰው ምን ይለኛል፣ ልጄ ምን ይለኛል፣ ምራቴ በስንት ሰው ፊት ትስቅብኛለች። ብዕሩ መስመር ጨርሶ ወደ ሌላው ወረደ። ደህና ሥጋ ሊከፈት ነው። በእኔ አፍ ምክንያት የሴትዮዋ ጣት ሳህን ላይ ሊቀመጥ ነው። 

«ሲስተር፣ ተይ አትጻፊ።»

«ምን አሉኝ?»

«አልለካሁም። ውሃው ይፈጅ ነበር። ይህቺ ምራቴ ነክታ እንዳታውቅብኝ ብዬ ደፋሁት።»

«እማማ!» አለች ምራቴ።

ሲስተሯ ብዕሯን አላስቀመጠችም። «ሲያማስሉት እጅዎ አልተቃጠለም?»

«እጄ አይሰማም።»

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን ልታምነኝ አልቸኮለችም፤ ዋሽቶ የተገኘ ሰው ሲናዘዝም ይጠረጠራል። ሁለት ኩባያ ውሃ ከመጋረጃ ጀርባ ይዛ መጣች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን ይክተቱ። ሙቁ የቱ ነው?»

አንዱ ውስጥ ከተትኩ። ሌላው ውስጥ ከተትኩ።  አርባ ዓመት ሙሉ ሙቅና ቀዝቃዛ የለየ እጅ ጨለማ ውስጥ እንደገባ ሰው ይዳብሳል።

«የግራው» አልኩ።

«ሁለቱም የቧንቧ ውሃ ነው።»

ዓይኔን ስገልጥ ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቲቸር ግን ቀጥ አድርጋ ታየኛለች፤ ኩረጃ እንደያዘች።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም አልሽ» አለችኝ። እርስዎ እያለች የምታከብረኝ ሴት አንቺ አለችኝ።

«አዎ።»

«ጣቴን ሲሉ እየሰማሽ።»

«አዎ፣ እየሰማሁ።»

ሌላ ምን እላለሁ? ይቅርታ ብዬ እንድታጽናናኝ ላደርጋት ነው?

ሲስተሯ ወረቀቱን አልቀደደችውም። አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «ቃጠሎ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አጥቤ አሽገዋለሁ። ዛሬ ውሃ ይቋጥራል፤ ካልቋጠረ ዋሽታችሁኛል ማለት ነው። ሐሙስ ፈትቼ አየዋለሁ። ጠቁሮ ከገባ ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።»

ማምሻውን ምራቴ ቲቸር ቤት ደርሳ ተመለሰች። «ቋጥሯል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።  ረቡዕ ዕለት ደንበኞች መጥተው ለምን ሥራ እንደፈታሁ ሲጠይቁ እሷ «ትንሽ አሟቸው ነው» ብላ ልትሸፍነኝ አፏን ከፈተች። «አላመመኝም» አልኩ ከወንበሬ። «የሰው እግር ቀቅዬ ነው።» አንዷ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላ ጫማዬን ሳደርግ ምራቴ «ይቅሩ እማማ፣ ሊያዩዎት አይፈልጉም» አለችኝ።

«መፈለጓን አልጠየቅኩም።»

ቲቸርን ሕክምና ጣቢያው አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንቅልፍ ያላገኘ ፊት ነው።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«እግርሽን ላይ።»

«እንግዲያ እዪ። እኔ አላይም።» ሻርፗን ዓይኗ ላይ ጣለች። «ሲስተር ታባብለኛለች። ሐኪም ሁሉ ያባብላል። አንቺ ንገሪኝ። ያየሽውን ብቻ።»

ሲስተሯ ፋሻውን መፍታት ጀመረች። የመጨረሻው ፋሻ ተጣብቆ ነበር፣ በውሃ አረጠበችው። ውሃ የቋጠረው ቆዳ ተሸብሽቦ ወርዷል። ጎንበስ አልኩ። አልቸኮልኩም። ከአውራ ጣት ጀምሬ ጣት ለጣት መሃል ገልጬ አየሁ፤ ውስጥ እግሯን አየሁ፤ ስንጥቁን አየሁ፤ አሸተትኩት። ተከትላኝ የመጣችው ምራቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«ንገሪኝ እንጂ!» አለች ቲቸር ከሻርፑ ሥር።

«ውስጥ እግርሽ ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሥጋው ደህና ነው። አራቱ ጣቶችሽ ደህና ናቸው። ክፉ ሽታ የለውም። ከትንሿ ጣትሽ ሥር ጥፍር የምታህል ቦታ ጠቁራለች።»

«ጠቁራለች?»

«ጠቁራለች። ምን ያህል እንደገባች እኔ አላውቅም።»

ሲስተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና በመቆንጠጫ ጥቁሩን ነካ ነካ አደረገች። ዳር ዳሩን አነሳችው። እኛ ሦስታችን አንድ ላይ የተሰፋን ይመስል አልተንቀሳቀስንም።

«ከላይ ነው» አለች በመጨረሻ። «የሞተ ቆዳ ነው፣ ከሥሩ ሥጋው ይደማል። እሱን ብቻ ነው የማነሳው። ጣቱ ይቀራል።» ከኪሷ የተጣጠፈውን ወረቀት አወጣችና ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

ቲቸር ሻርፑን ከዓይኗ አላነሳችም። ከሥሩ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አየሁ።  ሲስተሯ መቀሷን አነሳች።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ቲቸር፣ «ዞር በይ፣ ብርሃኑን ከለከልሻት።»

ዞር አልኩላት።