ልጁ እስኪያድግ

ባልና ሚስቱ በመጋረጃ ቀለም ሊስማሙ አልቻሉም። ባልየው ግራጫ ይሁን ይላል፤ ቆሻሻ ይችላል። ሚስትየው ደግሞ ግራጫ ሰቅሎ ከመኖር መስኮቱ ባዶውን ቢቀር ይሻላል ባይ ናት። መጋረጃ ሻጯ ጥቅሉን በክንዷ እንደታቀፈች በሁለቱ መካከል ቆማ፣ አንዴ ለእሱ አንዴ ለእሷ ልክ ነው ትላለች፤ ዓይኗን ግን ከመደብሩ በር ላይ አልነቀለችም። የምትጠብቀው ሌላ ደንበኛ አይደለም። የምትጠብቀው ኃላፊዋን ነው።

ከሥራ ጋውኗ ሥር አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ በር ላይ አስቁመዋት፣ ከአንገትጌዋ የተንጠለጠለችውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው፣ ዛሬ እንኳ አደራሽን ብለዋታል። ሌላ ምንም አላሉም። ቀሚሱን የጨርቅ ብናኝ እንዳይነካው ጋውኑን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለችና ሙቀቱ አፍኗታል፤ ቢሆንም እስከ ስድስት ሰዓት ነው ብላ ችላዋለች። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ለዛሬ ብቻ እሺ ብላታለችና፣ ኃላፊዋ መጥታ ትተካታለች። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ተጠርታለች።

ምሳው ደግሞ ተራ ምሳ አይደለም። የተጠራችው የአሳንሰር ጠጋኙ እናት ቤት ነው።

አሳንሰር ጠጋኙን ያወቀችው ከምድር ቤቱ መጋዘን ዕቃ የሚያወጣው አሳንሰር በተበላሸ ጊዜ ነው። ግማሽ አካሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እጁን የሚጠርግበት ነገር ቢጠይቃት ቁራጭ መጋረጃ ወረወረችለት። በሳምንቱ ጨርቁን አጥቦና ተኩሶ ይዞላት መጣ። ለመጥረጊያ የተሰጠውን ቁራጭ ተኩሶ የሚመልስ ወንድ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ሳቀችበት፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ንግግር አያበዛም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሕንፃ ሕንፃ ሲንከራተት ይውላል። ያለው ቀን እሑድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የሌላት ቀን እሑድ ነው።

እናቱ አንዴ ልያት ካሉ ሰነበቱ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ተረኛ ሆና ቀረች። በሁለተኛው እየሮጠች ስትደርስ ሳህኑ ታጥቦ አሮጊቷም ጋደም ለማለት ገብተው ነበር። ባለፈው ሳምንት አሳንሰር ጠጋኙ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛትና፣ ሳይቆጣ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«እናቴ ልጅቷ አልፈልግም ማለቷ ነው ትላለች። እኔ አይደለም ስላት ቆየሁ። አሁን ግን ምን እንደምላት ጨንቆኛል።»

ይህ አነጋገር ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ አልወጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይለመናል፣ ይመለሳል። እሱ ግን አይቆጣም። ዛሬም ከቀረች ቀስ ብሎ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት፣ ይርቃታል።

በመደብሩ ሠራተኞች ዘንድ ቀን መበዳደር የተለመደ ነው። የበላዮቹ አያውቁትም፤ ቢያውቁም ሰው እስካልጎደለ ድረስ ግድ የላቸውም። እሑድሽን አበድሪኝ ትላለች አንዷ፣ ሌላዋ ታበድራታለች፣ ብድሩ በሌላ እሑድ ይመለሳል። ቅዳሜና እሑድ በማይዘጋ መደብር ውስጥ ሰው እንዲህ ካልተዛዘነ አይዘልቅም። መጋረጃ ሻጯ ግን ያበደረችው እሑድ ተመልሶላት አያውቅም፤ ምክንያቱም ከእናቶች ቀን አይጠየቅም። ከመደብሩ ሴቶች መካከል ደግሞ ያልወለዱት እሷና ወጣቷ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ናቸው።

ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ የምትናደድበትን ሰው ስትፈልግ መጀመሪያ የምታገኘው ራሷን ነው። ያኔ ኃላፊዋ ገና ኃላፊ አልነበረችም፤ አጠገቧ ቆማ ብርጭቆ የምትጠቀልል ጓደኛዋ ነበረች። ከወሊድ በተመለሰች ሰሞን፣ ጡቷ አግቶ ሸሚዟን አርሶት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። አንጀቷን በላቻት። ከእንግዲህ እሑድሽን እኔ እሠራልሻለሁ፣ እንዳትመልሺልኝ፣ ልጁ እስኪያድግ አለቻት። ሌሎቹም ሰምተው እሰየው አሉ። ከዚያ በየተራቸው ወለዱ። ልጁ እስኪያድግ ሲባል ግን ምን ያህል እስኪያድግ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደግነት ሲሠሩ ማብቂያውን መናገር ንፍገት መስሏቸው ይሆናል።

ልጁ አሁን ከእናቱ ቁመት አልፏል። እናቱም ኃላፊ ሆና ተራ የምትደለድለው እሷ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ እንኳ አታስብም። ሠራተኞቹ መጋረጃ ሻጯን እሑዴ ይሏታል፣ በፍቅር መሆኑ ነው። አንቺ ምን አለብሽ ይሏታል። ደግሞ ያዝኑላታል፤ ምነው አንድ ሰው ባገኘሽ፣ ዕድሜ አይጠብቅም እያሉ ከንፈር ይመጥጡላታል። ሰው የሚጠያየቀው እሑድ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚተዋወቀው እሑድ፣ የሚተጫጨው እሑድ። እሑዷን ወስደውባት ሲያበቁ ሰው አላገኘሽም ብለው ይተክዙላታል። ከዚህ የባሰ ምን ግፍ አለ?

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ በሁለቱም ያልተመረጠ ቡናማ መጋረጃ አስቆርጠው ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ገንዘብ ተቀባይዋ ያበጡ እግሮቿን ካርቶን ላይ ሰቅላ በማስታወቂያ ወረቀት ታራግባለች። ልትወልድ ትንሽ ነው የቀራት። እሑዱ ይቅርላት ተብሎ ሲጠየቅላት ኃላፊዋ እየሳቀች በሆድ ያለ አይቆጠርም፣ ሲወለድ እናወራለን ብላ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ስቋል። መጋረጃ ሻጯም ስቃለች፤ አሁን ያ ሳቅ ያሳፍራታል።

ስልኳ ጠራ። ኃላፊዋ ናት። ከጀርባዋ የሙዚቃና የወጣቶች ጫጫታ ይሰማል። ልጁ ሳይነግራት ጓደኞቹን ምሳ ጠርቶ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ጥላቸው ልትወጣ አትችልም፣ እናትነት እንዲህ ነው፣ ሌላ ቀን ትክሳታለች።

«ደግሞ ምሳ ነው ያልሽኝ አይደል? ምሳ በሚመጣውም ሳምንት ይበላል። አንቺ እንደሆነ ቤት የሚጠብቅሽ የለ» አለቻት።

መጋረጃ ሻጯ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልጅሽ ጺም አብቅሏል» አለች።

«ምን ለማለት ነው?»

«አድጓል ለማለት ነው።»

በስልኩ ውስጥ ጫጫታው ቀነሰ፤ ኃላፊዋ ወደ ሌላ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታለች። ድምፅዋ ሲመለስ ቅዝቃዜ ነበረበት። «ደንቡን ያወጣሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለች።

«አዎ። ዛሬ እኔው ሻርኩት።»

ስልኩን ዘጋች። የጠበቀችው ፍርሃት ነው፤ የመጣው ግን ንዴት ብቻ ነበር፣ ንጹሕ ንዴት፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ የሚያቃጥል። ቤት የሚጠብቅሽ የለ። ይህን ያህል ዘመን እሑዷን ስትሰጥ የኖረችው ለእነሱ ማዘኗ ይመስላት ነበር። እነሱ ግን የተረፋትን ቀን የለገሰቻቸው አድርገው ነው የቆጠሩት። ሰው የተጣለ ዕቃ አንስቶ ማንን ያመሰግናል?

ጥበቃው በሩ አጠገብ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ። ሄዳ ከጎናቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ውስጥ ያሉት ደንበኞች ሲወጡ ሌላ ሰው አያስገቡ። ልንዘጋ ነው።»

«በዚህ ሰዓት? ማን አዘዘ ልጄ?»

«እኔ።»

ሽማግሌው ፊቷን አዩ። ከዚያም በሩን ገፍቶ ሊገባ የነበረ ሰውዬ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ዛሬ አበቃ ጌታዬ አሉት፣ ለዓመታት ሲሉት እንደኖሩ ሁሉ ረጋ ብለው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ደነገጠች። ከሥራ ያባርሩናል አለች፣ እኔ ምን ልበላቸው አለች። መጋረጃ ሻጯ ጫማዋን ጎንበስ ብላ እያጠለቀችላት፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ አለቻት። ልጅቷ ግን ከደንበኞቹ ጋር ወጣ ብላ፣ ፍርሃቷ አላስችል ብሏት፣ ለኃላፊዋ ደወለች። ቀን ሲሰጡ ኖሮ አንድ ቀን የከለከሉ እንደሆን ምን እንደሚከተል እሷም አታውቅ፣ ማንም አያውቅ።

መጋረጃ ሻጯ መብራቱን አጥፍታ፣ የብረት መዝጊያውን ጎትታ ወደ መሬት አድርሳ ቁልፉን ስታዞር፣ አንድ ታክሲ እግረኛ መንገዱ ላይ ሊወጣ እስኪደርስ ተጠግቶ ቆመ። ኃላፊዋ ወረደች። የወጥ ቤት ሽርጧን አላወለቀችም፤ እግሯ ላይ ያለውም የቤት ነጠላ ጫማ ነው።

«አብደሻል? እሑድ ቀን መደብር ይዘጋል? የበላዮቹ ቢሰሙ እኔን ምን እንደሚሉኝ አስበሻል?»

መጋረጃ ሻጯ ነጠላ ጫማውን ታያለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ከደወለችላት ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። እሷን ለመተካት ያልተገኘው ጊዜ ለመዝጊያው ተገኘ። እንግዶቹም አላስቀሯት፣ እናትነትም አልያዛት።

«ከቤትሽ እዚህ ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አለቻት በመጨረሻ።

ኃላፊዋ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። ፊቷ ቀላ። ከጣሪያ በላይ ልትጮህ አስባ ከሆነም ዓይኗ በመሃል ሌላ ነገር ላይ ዐረፈ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋ ተረከዙ ላይ አልገባ ብሏት ረግጣው ቆማለች። ኃላፊዋ ያንን እግር አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥበቃው ወደ መንገዱ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መጋረጃ ሻጯ ጋውኗን አውልቃ አጠፈችው። ቁልፉን ከላይ አድርጋ ሰጠቻት።

«ክፈቺው ብትፈልጊ። ዛሬ እሑዱ ያንቺ ነው። እሷን ግን ወደ ቤቷ ላኪያት።»

«ነገ ሥራሽን ብታጪው በእኔ እንዳታላክኪ» አለች ኃላፊዋ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቃሉ አልበረታም። ቁልፉን ተቀበለች። ጋውኑንም ተቀበለች፣ ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው።

መጋረጃ ሻጯ ነገ የሚሆነውን ነገ እንሰማዋለን ብላ ሄደች። መንገዱ ሞልቷል። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ይሄዳሉ፣ ሴቶች ተቃቅፈው በመስታወት ውስጥ ጫማ ያያሉ፣ ሽማግሎች አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እሑድ ቀትር ላይ ከተማው እንዲህ እንደሚሆን ረስታው ነበር። አለማየቷ ቆጫት፤ መልሶ ደግሞ አናደዳት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ እንባዋ ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አላወቀችም። ጠርጋው ወረደች።

ሰባት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ አንኳኳች። በሩን የከፈቱላት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ለሦስት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ፣ ክዳኑ የተገጠመ ድስት፣ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እንደዚያው የቀረ አሳንሰር ጠጋኝ ይታያል።

«ዘገየሽ» አሏት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ላልበደለችው ሁሉ ስትለው የኖረችው ቃል ነው፤ ለኃላፊዋ፣ ለደንበኞቹ፣ ለዚህም ሰውዬ ደጋግማ ብላዋለች። ዛሬ አላወጣችውም።

«አዎ፣ ዘግይቻለሁ» አለች። «መደብሩን ዘግቼው ነው የመጣሁት።»

«ማን ዝጊ አለሽ?»

«ማንም።»

አሮጊቷ ዓይን ዓይኗን ያዩ ጀመር። ልጃቸው ሊያማልድ አፉን ሲከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«ሾርባው ቀዝቅዟል» አሉ።

«ቀዝቃዛውንም እጠጣለሁ። የምቸኩልበት ቦታ የለኝም።»

ሴትየዋ ድስቱን በሁለት እጃቸው ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወደ ምድጃው ይዘውት ሄዱ።

«ወንበር ሳብላት እንጂ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ፤ «እዚህም ቆማ ልትውል ነው እንዴ?»