በግድግዳው ላይ የቀረችው
በስፌት ፋብሪካው አዲስ ሥራ አስኪያጅ በተሾመ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀየረው መፈክሩ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ መፈክሩ ግን አንድ ቀን አርጅቶ አያውቅም። «ጥራት እስትንፋሳችን ነው» ተባለ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ገበያ ሳይደርስ ረገፈ። «ሠራተኛ ሀብታችን ነው» ተባለ፤ በሳምንቱ ሃያ ሰው ተቀነሰ። ወይ ጉድ! ያ ግድግዳ ስንቱን ቻለው።

ኮሌታ ሰፊዋ ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታለች። መፈክሮቹን ሁሉ የጻፈው ባሏ ነበር፤ የፋብሪካው ቀለም ቀቢ። የመጨረሻው «አብረን እንደርሳለን» ይላል። «የት?» ብላ ጠይቃው ነበር። «እኔ እንጃ፣ ፊደሉን እንጂ ቦታውን አልነገሩኝም» አላት። አምና ሞተ። ከእጁ ሥራ የቀራት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊደሎቹ ላይ ስታርፍ የማሽኑ ድምፅ ይርቅባታል። ግድግዳው እንደ መጋረጃ ይሳሳል፤ ከመፈክሩ ሥር የፊተኛው፣ ከእሱም ሥር ሌላው ብቅ ይላል። ከሁሉም ኋላ ባሏ ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያፏጫል። ጨርቁ ከእጇ እስኪያመልጥ ታየዋለች።

ዛሬ አዲስ መፈክር መጣ፣ ከአዲስ ቀለም ቀቢ ጋር። መሰላሉን ሲያቆም ማሽኗን አጠፋች። ተነሥታ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ይሄ የባለቤቴ እጅ ነው። ትንሽ እንኳ አታስቀርልኝም?»

«እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ አጥፋ ተብያለሁ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ነጩን ቀለም ለቀለቀበት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጭጋግ ውስጥ ገብተው ቀሩ፤ እሷም ቆማ ሸኘቻቸው። እንባዋ ወረደ፤ ደግሞ ምን ያሳፍራል።

ቀቢው ታች ሲደርስ እጁን ገታ። ከፊደሎቹ ሥር አንዲት ቀይ መስመር ተሰምራለች። የትእዛዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየ፤ እሷንም አየ።

«እዚህ ያለው ጽሑፉን አጥፋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስለ መስመር ያለኝ ሰው የለም። የእኔን ቃል እላይዋ ላይ አሳርፈዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«ግን መሃሏ ላይ ተጣማለች። ላቃናት?»

«ተዋት» አለችው። «ያሰመራት ቀን መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። አስቆኝ ነቀነቅኩበት።»