የኮሚቴው ወንበር

ሚስቱ ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ባልየው ሸሚዙን ግማሽ ድረስ ቆልፎ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ቧንቧው ተከፍቶ ይንፎለፎላል፤ ግን የምትታጠብበት ውሃ አልነበረም፣ ድምፅ መሸፈኛ ነው። የሰው ወሬ ላይ ጆሮ መጣል ነውር መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም ወደ በሩ ጠጋ አለ።

"ታዲያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፋፍላችሁ እኔን ብቻ ነው የምትጠብቁት?" አለች። ከዚያ ሳቅ አለች። "ወለድ ዝናብ አያዘንብም ብዬህ የለ። አታስብ፣ ካንተ ጋ ነኝ።"

ቧንቧው ሲዘጋ እሱ መኝታ ቤት ተመልሶ ክራባት የሚፈልግ መሰለ።

ማን እንደደወለ መጠየቅ አላስፈለገውም። የማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥ ነው፤ መለሎ፣ ድምፀ መረዋ፣ ሚስቱን በሞት ካጣ ወዲህ ሥራውን ቤቱ ያደረገ ሰው። እሷ የአገሩን ወለድ የሚወስነው የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ አባል ሆና ከተሾመች ጀምሮ ስሙ ከቤታቸው አልጠፋም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን "እርስዎ" ነበር የምትለው። መቼ ነው "አንተ" የሆነው? ባልየው አንዲቷን ቃል ይዞ ቀረ፤ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረችበት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዝናቡ ነገር ነው። ወለድ ዝናብ አያዘንብም የእሱ አባባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ እሱ በክፍሉ ውስጥ "ቀመር" ተብሎ ሲጠራ፣ እሷ ከፈተና በፊት ደብተሯን ታቅፋ አስረዳኝ እያለች ስትመጣ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያላት ነው። የእህል ዋጋ ዝናብ ስለጠፋ ከናረ፣ ዘይትና ነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ስለሌለ ከተወደደ፣ የባንክ ወለድ ብትጨምር ትንሹን ነጋዴ ታንቀዋለህ እንጂ ዝናቡን አታመጣውም ነበር ነገሩ። ያኔ አምርራ ተከራክራዋለች። ሲጋቡም በዚያው ሲተራረቡ ኖረዋል። አሁን ወስዳ ለሌላ ወንድ ሰጠችው።

ቁርስ ላይ እናቱ ቀድማ ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ "ገዥ" የሚባለው ሰውዬ ባንኩን በገንዘቡ የገዛው ነው የሚመስላት፤ ስንቴ ቢያስረዷትም እንዲህ ያለ ሀብታም ጉድ ነው ከማለት አልተመለሰችም። ሻይዋን እያማሰለች ምራቷን ዘይቱ ይረክሳል ወይስ ከወዲሁ ይገዛ ብላ ጠየቀቻት። ምራቷ ዛሬ እንኳ አይጠይቁኝ አለችና ሳመቻት። ልጇ ጣልቃ ገብቶ ዋጋው በዚህ ወር እንደማይወርድ፣ ምክንያቱም ምን ምን እንደሆነ አብራራ። እናቱ ጨዋ ናትና እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ምራቷ ዞር አለች።

"እውነቱን ነው?"

ቂጣውን እንደያዘ ተነሣ።

ባልና ሚስቱ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ ለማዕከላዊ ባንኩ የምርምር ክፍል ተፈትነው ሁለቱም አልፈው ነበር። የበለጠውን ውጤት ያመጣው እሱ ነው። ደሞዙ ግን ቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም ነበርና ተመካክረው እሱ ወደ ግል ባንክ ሄደ፣ እሷ እዚያ ቀርታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ተማረች። ለጊዜው ነው ተባብለው ነበር። እሱ የባንኩን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ መኪና ገዛ፤ እናቱን ከገጠር አመጣ። ጊዜው ግን ለጊዜው ሆኖ አላለፈም። አገሩ ሁሉ የሚጠብቀው ውሳኔ ሲወሰን ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ እሱ ውሳኔውን ከቴሌቪዥን የሚሰማ ሆነ።

ቢሮ እንደገባ የባንኩ ፕሬዚዳንት አስጠራው። ጉዳዩ ቀላል ነበር። ገበያው ዛሬ ወለድ ይጨምራል ብሎ ስለፈራ የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ወድቋል፤ ወለድ ከጨመረ በድሮው ዝቅተኛ ወለድ የወጣውን ቦንድ ማን ይፈልገዋል? አንድ የመምህራን ቁጠባ ማኅበር ከጭንቀቱ ብዛት የያዘውን ሁሉ በርካሽ ሊጥል ገዢ ይፈልጋል። ወለዱ ባለበት ከቆየ ግን የማኅበሩን ቦንድ የገዛ ሰው በአንድ ጀንበር ይከብራል። መምህራኑም ቆመው ያያሉ።

ባልየው እሱ የኮሚቴው አባል እንዳልሆነ በትሕትና ተናገረ።

"አባሏ ትራስህ ላይ አይደል የምታድረው?" አለ ፕሬዚዳንቱ። "ተናገር አላልኩህም። ልግዛ ስልህ ራስህን ነቅነቅ ካደረግህ ይበቃኛል። ምክትሌ ጡረታ መውጣቱን መቼም አልረሳህም።"

እስከ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ ብሎ ወጣ። ሁለት ሁለት ተከፋፍለዋል፤ የቀረችው አምስተኛዋ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ጭማሪውን ትቃወማለች። ስለዚህ ወለዱ አይጨምርም። ይህን ከኮሚቴው ውጭ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እናም ያንን እያወቀ ያስብ የነበረው ስለ ቦንድ አልነበረም፤ ስለ "አንተ" ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እግሩ ማዕከላዊ ባንኩ ደጅ አደረሰው። ዘበኛው ዛሬ ስብሰባ ስላለ እንግዳ አይገባም ብሎ ከውጭ አቆመውና ደወለላት። በብረቱ አጥር መካከል አያት፤ ከምክትል ገዥው ጋር ጎን ለጎን ደረጃውን ትወርዳለች። እጇን እያወናጨፈች አንድ ነገር ታስረዳዋለች፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ እያዳመጠ ፈገግ ይላል። እንዲህ እጇን እያወናጨፈች ለባሏ ካስረዳችው ስንት ጊዜ ሆነ?

ሰውየው ከሩቅ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠውና ተመለሰ። እሷ እየሮጠች መጣች።

"እማማ አመማቸው እንዴ?"

"እናቴ ደህና ናት። ጠዋት ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

እሷ ሰዓቷን አየች።

"አንተ ከምትይው ሰውዬ ጋር ነው አይደል? ካንተ ጋ ነኝ ያልሽው።"

"ሰምተሃል?" አለች፤ ፊቷ ልውጥ አለ።

"ወለድ ዝናብ አያዘንብም የኔ ነበር። እሱንም ሰጠሽው።"

"ሌላስ ምን ሰማህ?"

ያኔ ቢተወው ይችል ነበር። ግን እሷ የደነገጠችው ለእሱ ስሜት ሳይሆን ለኮሚቴው መሆኑን ሲያይ ይበልጥ ባሰበት። እሱም የሚያውቀው ነገር እንዳለ እንድታውቅለት ፈለገ።

"ሁለት ሁለት መሆናችሁን። አንቺን መጠበቃቸውን። ሁሉንም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘበኛው እንዳይሰማ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በሱ ብትቀና ኖሮ ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ብነግርህ ይለቅህ ነበር። አንተ የምትቀናው በወንበሩ ነው። ለሰው ነግረሃል?"

"ገና ነኝ" አላት።

ለምሬት ያህል የተናገረው ነው፤ ሲናገረውም ለምሬት መሆኑን ታውቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ፊቱን ትክ ብላ ካየችው በኋላ ወደ ሕንፃው ተመለሰች።

ከሰዓት ፕሬዚዳንቱ ፊት ሲቀመጥ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። ራሱን አንዴ ቢነቀንቅ ባንኩ ይገዛል፤ ነገ ሰዉ ያ ባንክ እንዴት አወቀ ይላል፤ የማን ባል እዚያ እንደሚሠራም ያስታውሳል። እሷ ከወንበሩ ትነሣለች። ደረጃውን ከዚያ ሰውዬ ጋር አትወርድም። እናቱ የዘይቱን ነገር ዳግመኛ እሱን ትጠይቀዋለች። ነገሩ ጣመው። መጣሙ ራሱ አስደነገጠው።

"አላውቅም" አለ። "ባውቅም አልነግርዎትም።"

ፕሬዚዳንቱ ፊቱን መረመረው። አልተቆጣም፤ ወደ ቢሮህ ተመለስ ብሎ ሸኘው።

አመሻሹ ላይ ከእናቱ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። በልቡ ኩራት ቢጤ ነበር፤ ዛሬ የማይቻለውን ችሏል። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ብቅ አለና ኮሚቴው የፖሊሲውን ወለድ ከፍ ለማድረግ መወሰኑን አነበበ። ባልየው ወንበሩ ላይ ተቃና። ታዲያ ድምፅዋን ለውጣ ይሆን? ሰውየውን ከድታው? ለአፍታ ያህል፣ ይህን ለራሱም መናገር ያሳፍረዋል፣ ደስ አለው።

ሚስቱ የገባችው ትንሽ ቆይታ ነው፤ በታክሲ። ጫማዋን አውልቃ ከአማቷ አጠገብ ተቀመጠችና ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነገረችው። ስብሰባው ሊከፈት ሲል እጇን አውጥታ፣ ከመካከላችን የወጣ ነገር አለ፣ ባሌ ሰምቶኛል፣ እሱ ደግሞ የሚሠራበትን ቦታ ታውቃላችሁ አለቻቸው። ምክትል ገዥው ሊከላከልላት ሞክሮ ነበር። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ድምፅ ሳትሰጥ እንድትወጣ ተደረገ። ያለእሷ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ እኩል ሲሆን ደግሞ የሰብሳቢው የገዥው ድምፅ ሚዛኑን ይደፋል፤ ገዥው ጭማሪውን ከሚደግፉት ወገን ነው።

"ለማንም አልነገርኩም እኮ" አለ ባልየው።

"አሁን ነዋ የምትነግረኝ። እኔ ጠይቄህ ገና ነኝ ነው ያልከኝ።"

ባልየው ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

"ወይ እኔ ወንበሩን ወይ አንተ የቦንድና የምንዛሪ ሥራህን እንድንለቅ ተነግሮኛል" አለች። "እዚያም እዚህም ሆነን አይቻልም። እኔ እለቃለሁ። ያንተ ደሞዝ ነው ቤቱን የያዘው።" ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። ልብሷን ልትለውጥ ገባች።

እናትየው ልጇን አየችው እንጂ አልጠየቀችውም። ሲመኘው የዋለው ነገር ማንንም ሳይከዳ፣ ራሱን ሳይነቀንቅ ተፈጽሞለታል። ወንበሩ ባዶ ሆኗል። ደስታው ግን ሳይታኘክ እንደተዋጠ ጉርሻ ደረቱ ላይ ቆመ።

ስልኩ ጠራ። ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ድምፁ የሠርግ ቤት ድምፅ።

"ዝምታህ ገብቶኝ ነበር" አለው። "ወለዱ የማይጨምር ቢሆን ትነቀንቅልኝ ነበር። ስለዚህ አልገዛሁም። ከጉድ አወጣኸን። ከሰኞ ጀምሮ ምክትሌ ነህ።"

ባልየው ዝምታው ምን ማለት እንዳልነበረ ማስረዳት ይችላል፤ ቢያስረዳውም ሰውየው አያምነውም። ከመኝታ ቤት የቁም ሣጥን ሲከፈት ይሰማል።

"አመሰግናለሁ" አለ። "ቦታውን ግን አልፈልገውም። ከቦንድና ከምንዛሪ ሥራም ያውጡኝ። ወለድ ሲወርድና ሲወጣ የማይመለከተኝ ቅርንጫፍ ይመድቡልኝ፤ የትም ይሁን። ካልሆነ እለቃለሁ።"

"ሚስትህ ናት ያስገደደችህ?"

"እሷ ገና አልሰማችም።"

ፕሬዚዳንቱ ነገ እንነጋገራለን፣ እደርበት ብሎ ስልኩን ዘጋ። ባልየው አላደረበትም፤ ሐሳቡን በጽሑፍ አድርጎ እዚያው ላከለት፤ ነገ ሲነጋ ልቡ እንዳይመለስ።

እናቱ ምን ሆነህ ነው አለችው። ምንም አላት። ነገ ጠዋት ሚስቱ ወደ ኮሚቴው ስትመለስ ምክትል ገዥው ከመቀመጫው ተነሥቶ እንዴት እንደሚቀበላት ታየው፤ ያ መረዋ ድምፁ ሁሉ ተሰማው። ቢሆንም ተነሣና ነገ ሥራሽ ግቢ ሊላት ወደ መኝታ ቤት ሄደ።