በሹል ቅንፍ ውስጥ የጠፋው ኑዛዜ

እቴነሽ ከጉና ተራራ ሥር ወርደው ደብረ ታቦር የገቡት የባላቸው የፋንታው አርባ ሊወጣ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። የመጡት በአርባው ዕለት በሰው ፊት የሚነበበውን ኑዛዜ ሊያስወጡ ነው፤ የጻፉት ቄስም ምስክሮቹም ከሟቹ ቀድመው አርፈዋል።

የየደብሩ ኑዛዜ በኮምፒዩተር የሚቀመጥበት የማኅደር ክፍል ሠራተኛ እየሩስ የሟቹን ስም ፈልጋ ማንበብ ጀመረች። «አቶ ፋንታው ዋልልኝ፣ ምስክሮች ባሉበት፣ እንዲህ ሲሉ ተናዘዙ» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ብለው ቃላቸውን ፈጸሙ»። መካከሉ ባዶ ነው።

«ምን አለ ታዲያ?» አሉ እቴነሽ።

እየሩስ ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ጸሐፊዎቹ የተናዛዦችን ቃል ሲተይቡ በትእምርተ ጥቅስ ፋንታ ሹል ቅንፍ፣ ማለትም < እና >፣ እየደረቡ ይጽፉ ነበር። መዝገቡ የሚቀመጥበት ኤክስኤምኤል የሚሉት አጻጻፍ ግን ያንን ቅንፍ ለራሱ ምልክት ስለያዘው ፋይሉ አልከፈት አለ። እሷም ከወር በፊት በቅንፍ የታጠረውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጠርጋ አወጣችው። የቀድሞውን ቅጂ እንኳ አላስቀረችም። ፋይሉ ሲከፈት ተመስግናበታለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እናቴ» አለች። «ሳላይ ሰረዝኩት።»

እቴነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እሱስ ሞተ። ቃሉንም ገደልሽው?»

ቄሱ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ግን ከተተየበ በኋላ ጉና ሥር ወዳለው ደብር ተመልሷል። በማግሥቱ ሁለቱ ገሳይ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ሄደው፣ ከዚያ በገብሱ ማሳ መካከል ሽቅብ በእግር ወጡ። ቀዝቃዛው ነፋስ ይገፋቸው ነበር። የደብሩ መሪጌታ ማሩ ከዕቃ ቤቱ ሳጥን ወረቀቱን አውጥተው አነበቡ፦

«ከወንድሜ ከአዳነ ጋር በድንበር ተጣልተን ሃያ ዓመት ተኳረፍን። የድንበሩን ድንጋይ የነቀልኩት እኔ ነኝ። በአርባዬ ይጠራና በሰው ፊት ይነገርለት።»

እቴነሽ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሰው ረገምኩት» አሉ።

በአርባው አዳነ ተጠርቶ መጣ። ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰማ። «ነፍስ ይማር» ብቻ አለ፤ ከዚያ ቀርቦ ከእቴነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

እየሩስ በየደብሩ እየዞረች ባዶ የቀሩትን አርባ ሦስት ኑዛዜዎች ከወረቀታቸው እያየች መልሳ መተየብ ያዘች። በቅንፉ ቦታ ቅንፉን ራሱን ሳይሆን አጻጻፉ የሚያውቀውን የምልክቱን ምትክ ስም ትተይባለች። እንዲህ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ አይመስለውም፤ ለአንባቢው ግን ቅንፍ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱን ጮክ ብላ አንብባ ሳታረጋግጥ አላለፈችም።

ከእነዚህ መካከል የሁለት ሰዎች ወረቀት የትም አልተገኘም። በቦታው «ቃላቸው በመዝጋቢዋ ስሕተት ጠፍቷል» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ስሟን አሰፈረች።