አርባ ስምንት አልጋ

ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቀይ ፍሬ ማኅበር ካዝና ውስጥ 11,240 ዶላር ነበር። አባላቱ ሃምሳ ሰባት ነን፤ አብዛኞቻችን ዲላ፣ የቀሩት ወናጎና ገደብ። ካዝናው ሣጥን አይደለም። ክሪፕቶ ነው፤ ዲጂታል ዶላር የሚያዝበት የኢንተርኔት ቦርሳ፤ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ሊቀ መንበራችን ሸምሰዲን ጋ ነው፣ አንዱ የኮምፒውተር መምህሩ ኢዮስያስ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። ሦስታችንም በየስልካችን ካልፈረምን አንዲት ሳንቲም አትወጣም። ይህን ደንብ ያወጣን ቀን፣ አባቶቻችን የእድር ሣጥን በሦስት ቁልፍ የሚቆልፉትን አስታውሰን ኮርተን ነበር።

ዓላማችን ገደብ አጠገብ ባለችው ወርቃ እሸት ቡና ገዝተን፣ ፈልፍለንና አድርቀን ውጭ ላለ ገዢ ራሳችን መሸጥ ነው። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ለቡና ማድረቂያ አልጋ አሥራ ሁለት ጊዜ ከፍለናል፤ በየጊዜው ለአራት አልጋ 240 ዶላር። በመዝገባችን አርባ ስምንት አልጋ አለን። አንድ ክፍያ ደግሞ በእንጥልጥል ነበር፤ ለመፈልፈያ ማሽን 9,600። ሁለቱ ፈርመዋል፣ የእኔ ቀርቷል። ሻጩ የሚጠብቀን እስከ እሁድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አትጠገብ ቴሌግራም ላይ ጻፈች። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ የማኅበሩን ድርሻ የገዛችው በእቁብ ገንዘቧ ነው።

«አርባ ስምንት አልጋ ከፍለናል። በዓይኑ ያየ ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም። በምትኩ ቀልዱ ጀመረ። «ሸምሱ ተኝቶባቸው ይሆናል።» «አርባ ስምንት አልጋ? ሆስፒታል ነው እንዴ የከፈትነው?» እኩለ ቀን ላይ መልእክቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረሰ፤ ያኔ የሚቀልድ አልነበረም።

እኔ የቡና ጥራት መርማሪ ነኝ። ሦስት መቶ ግራም ጥሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለየሁ እቆጥራለሁ። ሳልቆጥር የፈረምኩበት የናሙና ወረቀት የለም። ያን ቀን ማታ የካዝናውን መዝገብ ከፈትኩ። መዝገቡ ክፍያ የተጠየቀበትንም፣ እያንዳንዳችን የፈረምንበትንም ሰዓት እስከ ሰከንዱ ያሳያል። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈርሜያለሁ። አንዱን በአሥራ አንድ ሰከንድ። ስልኬን ለመክፈት ብቻ ስድስት ሰከንድ ይፈጅብኛል።

ዶላሩን መንዝሮ ለአልጋ የሚከፍለው ሸምሰዲን ነው፤ ይደውላል፤ «ሳሪ፣ አንዷን ፈርሚልኝ» ይላል፤ እፈርማለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀውን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት አላምንህም ማለት ነው። ኢዮስያስም እንደዚያው ነው። ሦስት ቁልፍ ያልነው በይሉኝታ የሚከፈት አንድ ቁልፍ ነበር።

ማክሰኞ ሥራ ላይ አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ ከዲላ መናኸሪያ የገደብ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከገደብ ወርቃ በሞተር ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስልኬን እያወጣሁ አየዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ አርባ መልእክት ባንዴ ይገባል፣ ሲጠፋ ደግሞ ያልገባው ያሳስበኛል።

አልጋዎቹ በተዳፋቱ ላይ በአራት ረድፍ ቆመዋል። ለቀማው ስላልተጀመረ ባዶ ነበሩ፤ እንጨታቸው ገና አልጠቆረም። በየረድፉ ዘጠኝ። ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ፣ ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት።

የሠራቸው አናጢ ጋሽ እንግዳ፣ መዶሻውን ይዞ ከኋላዬ ይከተለኛል።

«ይጠነክራል፤ ብትፈልጊ ውጪበት» አለኝ።

«ጥንካሬውን አይደለም ጋሼ። ሌላ ቦታ የሠራኸው አለ?»

«የት? መሬቱ ይኸው ነው።»

«ስንት ጊዜ ተከፈለህ?»

ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ ደብተር አወጣ። ዘጠኝ ቀን ተጽፎበታል፤ በየቀኑ አራት አልጋ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ሲዘጋው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ማሽኑ ግን ይመጣል አይደል? እዚህ ሃያ ሁለት ገበሬ ነን፤ ቡናችንን ለሌላ አንሰጥም ብለን ቃል ገብተናል።»

«እሁድ ይታወቃል» አልኩት።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የጋሽ እንግዳን ዘጠኝ ቀን ከመዝገባችን አሥራ ሁለት ቀን ጋር አስተያየሁ። ሦስት ቀን ተረፈ፤ ሰኔ 17፣ ነሐሴ 2፣ መስከረም 8። የአሥራ አንድ ሰከንዷ ፊርማዬ የሰኔ 17ቷ ናት። አባቴን የቀበርነው ሰኔ 16 ነው። ስልኬ ሲጮህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ቤት እንደገባሁ የእናቴን የለቅሶ መዝገብ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ማን መጣ፣ ማን ምን ያህል ሰጠ፣ ሁሉም በራሴ እጅ ተጽፏል። ሰው ለለቅሶ አምስት መቶ ይሰጣል፣ ሺህ ይሰጣል። አንድ መስመር ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «ከቀይ ፍሬ ልጆች፣ በሸምሰዲን እጅ፣ 36,000።» ያኔ ልጆቹ አዋጥተው ነው ብዬ አልቅሻለሁ። በዚያ ሳምንት አንዱ ዶላር መቶ ሃምሳ ብር ይመነዘር ነበር። 240 ሲባዛ በ150፤ 36,000።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ያረፉት የኢዮስያስ እናት ናቸው። መስከረም 7 የአባላችንን የፈይዛን ሕፃን ልጅ ቀብረናል።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሸምሰዲን የሞባይል ሱቅ ሄድኩ። የአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ መስታወት እየለጠፈ ነበር።

«ሠላሳ ስድስት ናቸው» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

ቀና አላለም። «ቆጠርሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አንቺን ቆጣሪ ያደረገውን ሰው አላህ ይቅር ይበለው።» መስታወቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ለማን ነገርሽ?»

«ገና ለማንም። የአባቴን ለቅሶ ነው አልጋ ብለህ የጻፍከው?»

«ደንቡ ለቡና ሥራ ብቻ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አባላቱን ድምፅ ማስጠት ትችል ነበር።»

«የሳሮን አባት አርፈዋል፤ እንስጥ የምትሉ አንድን ተጫኑ፣ አንስጥ የምትሉ ሁለትን? እንዲህ ልበል? ድንኳን ሳይፈርስ?» ድምፁ ከፍ ሲል ደንበኛው ዞር ብሎ አየን። «ሳሪ፣ ሰው ሲሞትበት ዝም የሚል ምን ዓይነት ማኅበር ነው? እድር ቢሆን ማን ይጠይቅ ነበር?»

«እድር ቢሆን ለቅሶ ተብሎ ይጻፍ ነበር።»

ስልኩን ለደንበኛው እያቀበለ፣ «አንድ ብር እኔ ጋ አልቀረችም» አለ።

«አውቃለሁ። እሱንም አስልቼዋለሁ።»

«እንግዲያው የማሽኑን ፈርሚ። ማሽኑ እውነተኛ ነው፣ ሻጩ ጋ ደውይ።»

«ደውያለሁ፤ እውነት ነው። እሁድ ለአባላቱ ከተናገርኩ በኋላ እፈርማለሁ።»

«እሁድ ከተናገርሽ በኋላ የምትፈርሚበት ነገር አይኖርም። ወርቃ ያሉትን ሰዎች አስቢያቸው። ደግሞ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፤ ይህን አትርሺ።»

ዐርብና ቅዳሜ ስልኬን እያነሳሁ የማሽኑን ጥያቄ እከፍተዋለሁ። «ፈርም» የምትለዋ ቁልፍ አረንጓዴ ናት። ብጫናት ሃያ ሁለት ገበሬ ይደሰታል፣ የተሰረቀ ነገር የለም፣ እኔም ከሰው ፊት አልቆምም። ቅዳሜ ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ ከፍቼ ዘግቻታለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሳላይ ፈርሜ ነበር፤ አሁን አይቼ ያየሁትን ደብቄ ብፈርም ምን ልባል ነው?

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ በተከራየነው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቆሜ ከወረቀት አነበብኩ። ሠላሳ ስድስት አልጋ፣ ዘጠኝ ክፍያ። ሦስቱ ክፍያ ለለቅሶ ወጥቶ አልጋ ተብሎ ተጽፏል። ከሦስቱ አንዱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ሐዘንተኞች ስም አልጠራሁም። ኢዮስያስ ከፊት ወንበር ላይ ስልኩን እንዳየ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አትጠገብ እየተነሳች። «አንቺው ፈርመሽ፣ አንቺው ተቀበልሽ?»

«አዎ እትዬ። የምቀበለው እኔ መሆኔን ግን አላወቅኩም።»

«ለማወቅ ስንት ደቂቃ ወሰደብሽ ስትፈርሚ?»

«አሥራ አንድ ሰከንድ።»

«እኔ አንድ ኪሎ በርበሬ ስመዝን እንኳ ከዚያ በላይ እቆያለሁ!»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ለቅሶ መድረስ ሌብነት ሆነ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «በውሸት ከተጻፈ ምን ይባላል?» ብሎ መለሰለት። ሸምሰዲን ተነስቶ መናገር የጀመረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

ሸምሰዲን እንዲወርድ ሠላሳ ድምፅ ተሰጠ፤ እንዳይወርድ ሃያ አምስት፤ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ። ከሠላሳዎቹ አንዱ የእኔ ነው። የማሽኑም ክፍያ ለድምፅ ቀረበ፤ ለማለፍ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው፣ ሠላሳ ስምንት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት አገኘ። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ማሽኑ ማክሰኞ ለሌላ ተሸጠ። ጋሽ እንግዳ ደውሎ «እሺ፣ አውቀናል» ብቻ አለኝ። ገበሬዎቹ ቡናቸውን ለሌላ ጣቢያ ሰጡ። ሸምሰዲን በሱቁ ፊት ሳልፍ መስታወት መለጠፉን አያቆምም።

የእኔን 240 መልሻለሁ፤ ካዝናው 11,480 ሆኗል። የቀረው 480 እስካሁን አልተመለሰም፤ የጠየቀም የለም።

ኅዳር 12 ቀን የገደቡ አባላችን የመላኩ አባት አረፉ። አትጠገብ ቴሌግራም ላይ መዋጮ ጠየቀች፤ ሰጪውና መጠኑ በግልጽ ይጻፍ አለች። መዋጮው ለሦስት ቀን ክፍት ሆኖ ቆየ። ከሃምሳ ሰባታችን አሥራ አንዳችን ሰጠን፤ ድምሩ 4,350 ብር።